የ40 ደቂቃው ሒሳብ

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። መምህሩ ከሌላ ብሎክ ደረጃ ወጥቶ እስኪደርስና ተማሪው እስኪረጋጋ 3 ደቂቃ ይሄዳል። ስም ጥሪ 2 ደቂቃ። ከዚያ ፕሮጀክተሩን ከቦርሳ ማውጣት፣ ዲቫይደር ፍለጋ ጎረቤት ክፍል ልጅ መላክ፣ ላፕቶፑ እስኪነሣ መጠበቅ፣ «ሲግናል የለም» ከሚለው ሰማያዊ ገጽ ጋር መታገል፣ መጋረጃ የሌለውን መስኮት በካርቶን መድፈን አለ። ይህ ሁሉ በ10 ደቂቃ ካለቀ ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ ለመነቃቀልና ለመጠቅለል 3 ደቂቃ። የቀረው 22 ነው።

በጠመኔ ቢያስተምር ኖሮ 35 ደቂቃ ነበረው። እንግዲህ ያ ፕሮጀክተር ጠመኔ በ35 ደቂቃ የሚያስተምረውን በ22 ደቂቃ አስተምሮ መብለጥ አለበት ማለት ነው። አንዳንዴ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ግን የሚሰጠው ሥራ ሰሌዳ ላይ ሊጻፍ ይችል የነበረን ማስታወሻ በስላይድ ማሳየት ስለሆነ፣ ተማሪው ያው ይገለብጣል፤ ደቂቃው ብቻ ይጎድላል።

ይህን የምጽፈው ከአራት ኪሎ እስከ ልደታ፣ ከመርካቶ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ትምህርት ቤቶች ለክፍል ቴክኖሎጂ መግዣ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) እየሰበሰቡ ላሉ ርዕሳነ መምህራን፣ ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች፣ ለአይሲቲ መምህራንና ገንዘብ እንዲያዋጡ ለተጠየቁ የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አባላት ነው። ዋጋ አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል።

ከፕላዝማው እንጀምር

እዚህ አገር ስለ ክፍል ቴክኖሎጂ እያወሩ ፕላዝማን መዝለል አይቻልም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት በሚሰራጭ ቪዲዮ ይሰጡ ነበር። ትምህርቶቹ ደቡብ አፍሪካ ተሠርተው፣ ከአዲስ አበባ ተሰራጭተው፣ በየክፍሉ በተሰቀለው ስክሪን ይታያሉ። ከክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ ገደማ የስርጭቱ ነው። ለመምህሩ የቀረችው መግቢያና መዝጊያ ላይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት።

ብዙ ሰው የፕላዝማን ድካም በመብራት መጥፋትና በዲሽ ብልሽት ያሳብባል። እሱም ነበረ። መብራቱ ሳይጠፋ፣ ዲሹ ሳይነቃነቅ የዋለ ቀንም ግን ያው ችግር ነበር፤ ማቆሚያ የለውም። በስክሪኑ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቅና መልሱን ራሱ ይናገራል። ልጁ ጥያቄውን ገና ደብተሩ ላይ እየጻፈ ነው። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ተማሪዎቹ እንዳልገባቸው ከፊታቸው ያነብባል፣ ግን ምን ያድርግ? ቢያጠፋው ትምህርቱ አልፎ ይሄዳል፤ ነገ ቀጣዩ ክፍል በሰዓቱ ይመጣል። አገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ገጽ ላይ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነገር ወደኋላ ለቀረ ልጅ አይመለስም።

ሌላ አገርም የታየው ከዚህ አይርቅም። ፔሩ ለገጠር ልጆች ላፕቶፕ በነፍስ ወከፍ ስታድል፣ ከ300 በላይ ትምህርት ቤቶችን ያካተተ ጥናት ተሠርቶ ነበር። ለአንድ ተማሪ ይደርስ የነበረው ኮምፒውተር ከ0.12 ወደ 1.18 አደገ። ከ15 ወር በኋላ ሒሳብና ቋንቋ ሲፈተኑ ግን ላፕቶፕ የደረሳቸው ካልደረሳቸው አልተሻሉም። ዴልሂ ውስጥ ደግሞ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሚሰጥ ፕሮግራም፣ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ልጅ መጀመሪያ ይፈትንና ካለበት ደረጃ ያስጀምረው ነበር፤ 9ኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ የሒሳብ ችሎታው የ5ኛ ከሆነ የ5ኛ ጥያቄ ይቀርብለታል። በ4 ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብ የ0.37፣ በሂንዲ የ0.23 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የተማሪዎች ውጤት ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚለካበት) ብልጫ ተገኘ። በትምህርት ጥናት ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። የዴልሂውን ውጤት የሚጠቅሱ ሻጮች አንድ ነገር ይረሳሉ፦ ልጆቹ ከሚቆዩበት 90 ደቂቃ ግማሹ በትንንሽ ቡድን ከሰው ጋር የሚማሩበት ነበር።

ስለዚህ ዕቃ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መምህሩ መሀል ላይ ሊያቆመው ይችላል? ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው ለመምህሩ ይነግረዋል? ለሁለቱም መልሱ «አይ» ከሆነ፣ ስክሪኑ 75 ኢንች ቢሆንም ፕላዝማ ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ ከቅርብ

50 ተማሪ ያለበት ክፍል እናስብ። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ትምህርት ነው። ያለን ዕቃ አንድ ስክሪን፣ አንድ ላፕቶፕና በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩት ፌት የሚባሉት ነጻ ሲሙሌሽኖች ናቸው። እያንዳንዳቸው ጥቂት ሜጋባይት የሆነ አንድ ፋይል ናቸው። አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታሉ።

መምህሩ መጀመሪያ ጠመኔ ይይዛል። አንድ የ9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ የ10 ኦም አምፖል ይስላል። ከረንቱ ስንት ነው? 0.9 አምፔር፤ ይሰላል፣ ይጻፋል። ስክሪኑ እስካሁን ባዶ ነው። ቀጥሎ ጥያቄ፦ «ተመሳሳይ አምፖል በተከታታይ ብጨምር የመጀመሪያው አምፖል ምን ይሆናል?»

ሀ. እንደነበረ ይበራል
ለ. ሁለቱም እኩል ይደበዝዛሉ
ሐ. የመጀመሪያው እንደነበረ ሆኖ ሁለተኛው ብቻ ይደበዝዛል
መ. ሁለቱም ይጠፋሉ

«ሐ» ሆን ተብሎ የተጨመረ ወጥመድ ነው። ከረንት በመንገዱ ላይ «ይበላል» ብለው የሚያስቡ ተማሪዎች ወደዚያ ይሄዳሉ፤ እነሱም ጥቂት አይደሉም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ የሚወሰነው መልሱ በሚሰበሰብበት መንገድ ነው። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፤ ያልገባውም አብሮ ይላል። መፍትሔው ወረቀት ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ለአራት ይታጠፋል፤ በየሩቡ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በወፍራም ማርከር ይጻፋል። ልጁ የመረጠው ፊደል ወደ ውጭ እንዲሆን አጥፎ ደረቱ ላይ ይይዛል። ከጭንቅላቱ በላይ ከፍ ካደረገ ከኋላ ያለው አይቶ ይቀዳል። ለ እና ሐ ከ7 ሜትር ላይ፣ በተለይ ቀጭን ማርከር ከሆነ፣ በአንዲት እግር ብቻ ስለሚለያዩ ይምታታሉ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ለ50 ተማሪ 50 ወረቀት ይበቃል። የአንድ ደስጣ አንድ አሥረኛ ነው፣ ለዓመት ያገለግላል።

ቀጥሎ የሚመጣው አሠራር የሐርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ያስፋፋው ነው። በትክክል የመለሱት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ ትምህርቱ አልገባም፤ በሌላ መንገድ እንደገና ይነገራል። ከ70 በመቶ በላይ ከሆኑ አጭር ማብራሪያ ተሰጥቶ ይታለፋል። በመሀል ከሆኑ፣ ልጆቹ የተለየ መልስ ከያዘ ጎረቤታቸው ጋር 2 ደቂቃ ይከራከሩና ድጋሚ ይመርጣሉ። በአንድ ለአምስት ለተደራጀ ክፍል ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ ቡድኑ ቢያንስ የሚከራከርበት ነገር ያገኛል።

ስክሪኑ የሚበራው አሁን ነው። መምህሩ ሁለተኛውን አምፖል ይጎትትና ያስገባል፤ አምፔር መለኪያው ከ0.9 ወደ 0.45 ይወርዳል። ሁለቱ አምፖሎች እኩል ደብዝዘዋል። ያቆመዋል። «ሐ ያልክ፣ ምን ጠብቀህ ነበር?» ይላል። ከዚያ ወደ ትይዩ ሰርኪዩት ያልፋል፤ እንደገና ጥያቄ፣ እንደገና ወረቀት፣ ከዚያ ብቻ ስክሪን። እያንዳንዱ አምፖል 0.9፣ ድምሩ 1.8 አምፔር። ስክሪኑ ከ40 ደቂቃው የበራው ለ8 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ግን ጠመኔ የማይችለውን ሥራ ሠርቷል።

ይህ የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። መጀመሪያ አሳይቶ በኋላ የሚጠይቅ መምህር የሚያገኘው ያየውን የሚደግም ተማሪ ነው። ሌላም አለ። በሲሙሌሽኑ ያለው ባትሪ ቅንብሩን ካልነኩት የውስጥ መቋቋም የለውም፤ የመርካቶ የባትሪ ድንጋይ ግን አለው። በእውነተኛ ሁለት ድንጋይና የእጅ ባትሪ አምፖል ተመሳሳዩን ሰርኪዩት ብትሠሩ፣ በትይዩ ሁለተኛ አምፖል ሲጨመር የመጀመሪያው ትንሽ ይደበዝዛል። ተማሪ ይህን ቤቱ ሞክሮ «ስክሪኑ ዋሸ» ቢል እውነቱን ነው። የቻለ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳይ።

በካርዶቹ ምትክ ፕሊከርስ የሚባለውን መጠቀምም ይቻላል። እስከ 63 ተማሪ የሚሆኑ የታተሙ ካርዶችን የመምህሩ ስልክ በካሜራ አንብቦ ማን ምን እንደመለሰ ይመዘግባል። ስልኩ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። መጀመሪያ በታጠፈው ወረቀት ልመዱ።

ስክሪኑ ስንት ኢንች?

እዚህ ላይ ብዙ ብር ይባክናል። ጽሑፍ ለማንበብ የመጨረሻው ዴስክ ከምስሉ ቁመት ከ6 እጥፍ በላይ መራቅ የለበትም። የ43 ኢንች ቴሌቪዥን ቁመቱ 53 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚነበበው እስከ 3.2 ሜትር ነው። 55 ኢንች እስከ 4.1 ሜትር፣ 65 ኢንች እስከ 4.9፣ 75 ኢንች እስከ 5.6። የመጨረሻው ዴስክ 7 ሜትር ተኩል ላይ ባለበት ክፍል 55 ኢንች መስቀል ማለት ከኋላ ያሉት ረድፎች ሬዲዮ ያዳምጣሉ ማለት ነው።

በዚህ ክፍል 1.25 ሜትር ቁመትና 2 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ያስፈልጋል፤ ያ ፕሮጀክተር ነው። የመወርወሪያ ሬሾው (ርቀቱ ለምስሉ ስፋት ሲካፈል) 1.5 የሆነ ፕሮጀክተር 2 ሜትር ስፋት ለማግኘት ከግድግዳው 3 ሜትር ይርቃል። ብርሃኑ ቢያንስ 3,000 አንሲ ሉመን ይሁን። «አንሲ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ ብርሃኑ በወጥ መለኪያ መለካቱን የምታሳይ ናት። ካርቶናቸው ላይ 9,000 ሉመን የተጻፈባቸው ትናንሽ የኤልኢዲ ፕሮጀክተሮች በአንሲ ሲለኩ ጥቂት መቶ ላይ ይወድቃሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 3,000 በ2.5 ካሬ ሜትር ሲካፈል 1,200 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር የሚያርፍ ብርሃን)፤ 300 ሲካፈል 120 ሉክስ። ቀን ላይ ከመስኮት ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ብቻውን ከ120 ስለሚበልጥ ምስሉ ይታጠባል። ሱቅ ውስጥ ጨለማ ጥግ ላይ አብርተው ሲያሳዩዋችሁ በር ላይ አምጡት በሏቸው።

ግድግዳው የዘይት ቀለም ከተቀባ ያንጸባርቃል፤ መሀሉ ላይ የሚያበራ ነጭ ክብ ይታያል። የሚታይበትን ቦታ ብቻ በነጭ ውኃ ቀለም መቀባት ከሸራ ስክሪን ይረክሳል።

ለአማርኛ ትምህርት አንድ ነገር ልጨምር። የላቲን ፊደል ከኋላ ሊነበብ በሚችልበት መጠን የእኛ ፊደል አይነበብም። ሉ፣ ሊ እና ሌ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። ጠ እና ጡም እንደዚያው። 7 ሜትር ተኩል ላይ ለተቀመጠ ልጅ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ፊደል ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አድርጉ። በ1.25 ሜትር ምስል ላይ ይህ ከ12 እስከ 14 መስመር ብቻ ነው። ከመጽሐፍ አንድ ሙሉ ገጽ ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ እንግዲህ አይታሰብም።

ከፍታው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ከዝቅተኛ ቦታ በሩብ ገደማ ይሳሳል። የፕሮጀክተር ማራገቢያ አምፖሉን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ለዚህ ነው ብዙ ፕሮጀክተሮች ሜኑ ውስጥ «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚል ምርጫ ያላቸው፤ ከ1,500 ሜትር በላይ መብራት አለበት። ከፋብሪካ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሳይበራ ከቀረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሙቀት ምልክቱ ቀይ ሊሆንና ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ወደ ጥገና ይወስደዋል። ማጣሪያው በጠመኔ ብናኝ ሲደፈንም ውጤቱ አንድ ነው። በወር አንዴ አውጥቶ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል፤ በአፍ እፍ ማለት ብናኙን ወደ ውስጥ ይልከዋል።

አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ሲጠፋ ማራገቢያው እስኪቆም ሳይነቀል መጠበቅ አለበት። መብራት ሲሄድ ግን ማንም አይጠብቅም፤ አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ይቀራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የ650 ቪኤ ዩፒኤስ ለዚህ ነው። ውስጡ ያለው ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት፣ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው፤ በኃይል ሲመዘመዝ ግማሹን ያህል ቢሰጥ ነው። 250 ዋት ለሚበላ ፕሮጀክተር 10 ደቂቃ ገደማ። ትምህርት ለመቀጠል አይበቃም፣ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ለራውተርና ለመሰሉት 15 ዋት ለሚበሉ ነገሮች ግን ከ2 ሰዓት በላይ ያቆያል።

መብራት ጠፍቶም መቀጠል የሚፈልግ ቴሌቪዥንና የባትሪን ኃይል ወደ ሶኬት ኃይል የሚቀይር ኢንቨርተር ያስብ። የ12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ካልተፈቀደና የኢንቨርተሩ ብክነት ከተቀነሰ 500 ዋት ሰዓት ይቀራል። 100 ዋት ለሚበላ ቴሌቪዥን 5 ሰዓት፣ አንድ ሙሉ ፈረቃ ነው።

ኢንተርኔቱን ቢሮ አስቀሩት

በመጠነኛ ጥራት የተቀመጠ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 60 ሜጋባይት ገደማ ነው። 50 ልጅ እያንዳንዱ ከኢንተርኔት ሲከፍተው 3 ጊጋባይት ይሆናል፤ አንዴ ወርዶ ከክፍሉ ሰርቨር (ፋይሉን ለሌሎቹ ከሚያቀብለው ኮምፒውተር) ሲታይ ያው 60 ነው። ስለዚህ ማታ ቢሮ ይውረድ፣ ቀን ክፍል ይታይ።

ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ ትምህርቶችን ያለ ኢንተርኔት የሚያሳየው ኮሊብሪ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም፣ ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚከፍተው ኪዊክስ፣ እና ኢንተርኔት ያልገባበት ራውተር። ብዙዎች በዚህ ቦታ ራስቤሪ ፓይ (በመዳፍ የሚያዝ ኮምፒውተር) ይመክራሉ፤ ርካሽና ትንሽ ነው። እኔ በዚህ ከተማ አሮጌውን ላፕቶፕ እመርጣለሁ። መብራት ድንገት ሲቋረጥ የራስቤሪ ፓይ ሚሞሪ ካርድ መጻፍ መሀል ላይ ተይዞ ይበላሻል፤ እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ ያሉት ደግሞ የራሳቸው ሰዓት ስለሌላቸው ሲነሡ ቀኑን ይሳሳታሉ፣ የተማሪው የሥራ መዝገብም ባለፈ ቀን ይመዘገባል። ላፕቶፕ ባትሪው 40 ደቂቃ ብቻ ቢይዝ እንኳ በራሱ ዩፒኤስ ነው።

ሲተከል የሚረሱ ሦስት ነገሮች አሉ። ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ማስተካከል፤ አለዚያ አንዱ ክዳኑን ሲገጥም ክፍሉ በሙሉ ይቋረጣል። ራውተሩ ለላፕቶፑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድራሻ እንዲሰጥ ማሰር፤ አለዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ አድራሻው ይለወጥና ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አይሠራም። ሦስተኛው ስልክና ሲም ያላቸው ታብሌቶች ላይ ነው፦ አንድሮይድ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ ሳይጠይቅ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራል፣ ከዚያ «ሰርቨሩ አልተገኘም» ይላል። ዳታው ይጠፋ።

አንድ ተራ ራውተር 25 መሣሪያ ቪዲዮ ሲከፍትበት ይደክማል። ለ50 ሁለት ራውተር፣ አንዱ ቻናል 1፣ ሌላው ቻናል 11 ላይ ይሁን። ወይም ልጆቹ ለሁለት አንድ ታብሌት ይዘው ይቀመጡ፤ ሁለት ሆነው ሲሠሩ ስለሚነጋገሩ እንዲያውም ይሻላል።

የሚገኘው ትምህርት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ድምፁን አጥፍቶ መምህሩ በራሱ አንደበት እያስረዳ ማሳየት ከትርጉም ጽሑፍ የተሻለ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድም የስፒከሩ ድምፅ እንደማይሰማ ያውቁታል።

ታብሌት

የአንድ ታብሌት ባትሪ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ከሆነ 18.5 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 40 ታብሌት 740፣ ከቻርጀር ብክነት ጋር ወደ 1,000 ዋት ሰዓት ይደርሳል። አንድ ላይ ሲሰኩ 400 ዋት፣ ማለትም ከ2 አምፔር በታች ነው፤ ቆጣሪ የሚጥል አይደለም። አደጋው ያለው አንዱን ዲቫይደር በሌላው ላይ እየሰኩ አምስት ድረስ መቀጣጠሉ ላይ ነው፤ የላላ መሰኪያ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። አራት ዲቫይደር፣ አራት የግድግዳ ሶኬት፣ በየአንዳንዱ 10 ታብሌት፣ ሰው ባለበት ሰዓት።

የጠዋት ፈረቃ ተጠቅሞበት የከሰዓቱ ሲመጣ ባዶ ከሆነ፣ ለግማሹ ትምህርት ቤት ታብሌት የለም ማለት ነው። ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ የገዙ፣ ከሴሚስተር በኋላ ዕቃውን ግምጃ ቤት ውስጥ በካርቶኑ ነው የሚያገኙት። ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦ የገባ፣ ሞዴል 22 (የወጪ ደረሰኝ) ግን ተቆርጦ የማይወጣ ንብረት በየትምህርት ቤቱ አለ። ታብሌት ቢጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ የሚፈራ መምህር ፈርሞ አያወጣም፤ እኔም ብሆን አላወጣም። የኃላፊነት ደንቡ ከዕቃው በፊት ይጻፍ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ስለጀመረ ኮምፒውተር ማለማመድ የግድ ሆኗል። መግባት፣ የይለፍ ቃል መጻፍ፣ መልስ መቀየር፣ ወደ ያለፈው ጥያቄ መመለስ፤ ይህ በሦስትና በአራት ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ለፈተና ማለማመድና ፊዚክስ ማስተማር ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፤ በአንዱ ስም ለሌላው አትግዙ።

ትንንሾቹ ነገሮች

ምስሉ ድንገት ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሮዝ ከተቀየረ አምፖሉ አይደለም። የቪጂኤ ገመዱ አንዲት እግር ታጥፋለች። በመርፌ ጫፍ ቀጥ ይደረጋል። «ሲግናል የለም» ካለ የዊንዶውስ ቁልፍንና «ፒ» ፊደልን አብሮ ተጭኖ የተባዛ ምስልን መምረጥ ነው።

የድሮ ፈተና ወይም ማስታወሻ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነ፣ በአሮጌው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው፤ ያ ፎንት ዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተር የሚነበብ የጋራ የፊደል ኮድ) አይደለም። ፎንቱ ካለበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርጎ ማውጣት ይበቃል። አዲስ የሚጻፍ ነገር ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ፎንቱ ናያላም ሆነ አቢሲኒካ።

ፍላሽ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ አንድ ኪሎባይት ሾርትከት ሆነው ከታዩ ፎርማት አታድርጉ። ቫይረሱ ደብቋቸው እንጂ አልጠፉም፤ የተደበቁ ፋይሎችን የማሳያ ምርጫውን አብርቶ ወደ ንጹሕ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። ፍላሹን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ይህን ጣጣ ያስቀራል፤ የዊንዶውስ ቫይረስ ቴሌቪዥን ላይ አይሠራም። ለቴሌቪዥን ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ይደረግ፣ ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት አይብለጥ፣ ቪዲዮው ኤምፒ4 ይሁን። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ በተለየ ፋይል ከሆነ ብዙ ቴሌቪዥኖች ሳጥን ሳጥን አድርገው ያሳዩታል። ቪዲዮው ላይ ታትሞ ይቀመጥ።

የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ በቴሌግራም ሲላክ በምዕራፍ ተከፋፍሎ፣ ስሙ ላይ ክፍሉ፣ ትምህርቱና ምዕራፉ ተጽፎ ይላክ። ልጁ ጥቅል የሚገዛው በሳንቲም እየቆጠረ ነው፤ ለአንድ ምዕራፍ ሙሉ መጽሐፍ አያውርድ።

የግዢ ቅደም ተከተል ካስፈለገ፣ መጀመሪያ ሶኬት፣ መጋረጃና 10 ሜትር የኤችዲኤምአይ ገመድ። ከዚያ ፕሮጀክተሩ ጣሪያ ላይ የሚታሰርበት አንድ ክፍል፤ ለሳይንስ ዲፓርትመንት ይሁን፣ ተማሪዎቹ ወደ እሱ ይምጡ። ዕቃ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ከሚንከራተት ልጆቹ ቢሄዱ 2 ደቂቃ ነው የሚወስደው። ከዚያ ሰርቨሩ። ታብሌት መጨረሻ።

በዚያ ክፍል በር ላይ አንድ ደብተር በክር ይንጠልጠል። አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ ክፍል፣ መምህሩ ከገባበት እስከ መጀመሪያው ጥያቄ የሄደው ደቂቃ፣ የተበላሸ ነገር። በሁለት ወር ውስጥ ሦስተኛው ዓምድ ከ4 በታች ካልወረደ ሁለተኛ ፕሮጀክተር አትግዙ፤ አራተኛውን ዓምድ አንብቡና እዚያ ላይ የተደጋገመውን ገመድ ለውጡ።